የእማዬ ዘጠኝ ቋጠሮዎች

 

ረመዳን ሲገባ በየቤቱ የጎደለው ሰው ይታወቃል። በሌላው ወር ሥራው፣ ጉዞውና የኑሮው ሩጫ ይሸፍነዋል። ረመዳን ግን ሁላችንንም በአንድ ሰዓት በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይሰበስበንና የጎደለውን ያስቆጥረናል። ለሱሑር በር እያንኳኳች የምትቀሰቅስ እናት የለችም። ሾርባውን ሳትቀምስ፣ ሽታውን ብቻ አሽትታ «ጨው አንሶታል» የምትል አያት የለችም። በዚህ ወር ወደ መስጂዳችን መጥተው «ለሞተብን ሰው ምን እናድርግለት?» ብለው የሚጠይቁን ሰዎች ቁጥር ከሌላው ጊዜ የሚበዛው ለዚህ ይመስለናል።

መልሱን ከኪታብ እናውቀዋለን፤ ለብዙዎችም ነግረናል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የራሳችንን ቤት እስኪያንኳኳ ድረስ ክብደቱን አላወቅነውም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አያታችን ነው። እኛ የልጅ ልጆቿ «እማዬ» እያልን ስለምንጠራት ሴት።

እማዬ የተወለደችው ባቲ ነው። ባቲን የሚያውቅ ሰው የሰኞን ገበያ ያውቃል። አፋሩ ከቆላው ግመልና ፍየል ነድቶ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋው እህልና ቅቤ ጭኖ የሚገናኙበት ሰፊ ገበያ ነው። እማዬም ከዚያ ገበያ ሦስት ቋንቋ ይዛ ወጣች። በአማርኛ ታወራለች፣ በኦሮምኛ ትቀልዳለች፣ በአፋርኛ ትገበያያለች። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። ነገር ግን የሰው ብድር፣ የእቁብ ተራ፣ የልጅ መወለጃ ወር አንዱም አይጠፋትም ነበር። እንዴት እንደምትይዘው የገባን ከሞተች በኋላ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የመጣችው አባባን አግብታ ነው። አባባ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር አዋሽ ከተማን እንደ ወለዳት ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ጣቢያው መጣ፤ ከጣቢያው ቀጥሎ ቡፌው፣ ሱቁ፣ መስጂዱ፣ ሠፈሩ መጣ። የእማዬ ቤት ከሐዲዱ ብዙም የማይርቅ የጭቃ ቤት ነበር። ባቡር ሲያልፍ ስኒዎቹ በረከቦቱ ላይ ይንጫጫሉ። እሷም «አባባ ደረሰ» ብላ ጀበናውን ትጥዳለች። አባባ ከሞተ በኋላ፣ የድሮው ባቡር ቆሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከተመረቀም በኋላ፣ እማዬ ከዚያች ቤት ንቅንቅ አላለችም። አባባ የተቀበረው አዋሽ ነውና።

እኛን ያሳደገችን እሷ ናት። እናታችን በሕመም ስትደክም ወስዳ አሳደገችን። ከሱብሒ በፊት ቀስቅሳ ውዱእ ታስደርገናለች፤ ከዚያ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ መስጂድ ትወስደናለች። እኛ አሊፍ ባ ስንቆጥር እሷ የመስጂዱን ግቢ ትጠርጋለች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አይከፍላትም። ዕድሜያችን ሲደርስ ለቂርኣት ወደ ወሎ ስትሸኘን አላለቀሰችም። ስንቅ ቋጠረችና «ሳትጨርስ እንዳትመጣ፤ ስትመጣ ደግሞ እንዳትኮራ» አለችን። ደረሳ ሆነን በተራብንባቸው ዓመታት የሁለቱን ትእዛዝ ክብደት እየለየን ኖርን። የመጀመሪያው ቀሎናል። ሁለተኛው አሁንም ይከብደናል።

ረመዳን በእማዬ ቤት የተለየ ነበር። አብሹ ከዋዜማው ይዘፈዘፋል፣ ሳምቡሳው በሰፌድ ይደረደራል፣ ቴምሩ ይቆጠራል። መቆጠሩ ግን ለስስት አልነበረም። አዛን ሊል ሲል በሐዲዱ ዳር የሚያልፍ ሰው ከተገኘ የመጀመሪያው ቴምር የእሱ ነው። ከገጠር ወተት ይዘው የሚመጡ አፋሮች ቤቷን ያውቁታል። አፋር ሲገናኝ ሳይቀመጥና ያየውን የሰማውን ሳይነጋገር አይለያይም። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ ላይ ውሸት ነውር ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው በሰማው ወሬ ላይ ተመሥርቶ መንጋውን ይነዳበታል። እማዬ ከቡናዋ ጋር የማን ልጅ እንደ ታመመ፣ የት ዝናብ እንደ ጣለ ትሰማለች። ከአቦል እስከ በረካ የአገሩ ወሬ ሁሉ እሷ ዘንድ ይደርሳል። እኛም በኋላ ሐዲስን ከሰው ወደ ሰው እንዴት በጥንቃቄ እንደሚያስተላልፉት ስንማር፣ የመጀመሪያው ትምህርታችን የእማዬ የቡና ረከቦት መሆኑ ትዝ ይለን ነበር።

ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ባሰባት። አንዳንዱ በሬክተር መለኪያ ከ5 በላይ ነበር፤ እስከ አዲስ አበባም ተሰማ። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሡ። በእማዬ ቤት ስኒዎቹ ያለ ባቡር መንጫጫት ጀመሩ። ከዚያም አንድ ሌሊት የጓዳው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ሰመራ ከምትኖረው አክስታችን ዘንድ እንድትሄድ ቤተሰቡ ሁሉ ተስማማ፤ እሷ ግን አልተስማማችም። «ሰመራ የማን አገር ነው? እኔ ሳውቅ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር» አለች። እውነቷን ነው፤ የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሳይዛወር፣ መሥሪያ ቤቱና ዩኒቨርሲቲው ሳይሠራ ለሚያውቃት ሰው ሰመራ ባዶ ሜዳ ነበረች። አጎታችን፣ አንድ ወንድ ልጇ፣ ለመኑ። ጎረቤት ለመነ። በመጨረሻ እኛ ለመንን። መኪናው በር ላይ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ፣ እማዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችን።

«ሼሁ» አለችን፤ ስትቀልድም ስትቆጣም እንዲህ ነበር የምትለን። «እዚያ ብሞት ወደ አባባ ትመልሰኛለህ?»

«ኢንሻአላህ፣ እማዬ» አልናት።

ተነሥታ መኪናው ውስጥ ገባች።

ውድ አንባብያን፣ በዚህች ቃላችን ላይ ትንሽ እንቆይ። ኢንሻአላህ ማለት የአላህን ፈቃድ ከእቅዳችን በላይ ማስቀደም ነው። ነገ ይህን አደርጋለሁ የሚል ሰው እንዲላት በቁርኣን ታዝዟል። ልናደርገው አስበን የአላህን እገዛ የምንጠይቅባት ቃል ናት። እኛ ግን ያን ዕለት የተናገርናት ልናደርገው አስበን አልነበረም። ሟችን ከሞተበት ከተማ ወደ ሌላ ሩቅ ከተማ ወስዶ መቅበርን በተመለከተ የመዝሀባችን ዑለሞች ያሉትን እናውቅ ነበር። አዎ ለማለት አልቻልንም፤ አይሆንም ለማለት ደግሞ ድፍረቱ አልነበረንም። ስለዚህ የአላህን ስም ይዘን ከጥያቄዋ ሸሸን። ሰዎች ለልጆቻቸው፣ ለአበዳሪዎቻቸው፣ ለሚስቶቻቸው ኢንሻአላህ እያሉ ሲያመልጡ በሚምበር ላይ ስንገሥጽ ኖረን፣ እኛው አደረግነው።

እማዬ በሰመራ ሁለት ወር አልሞላትም። ሸዕባን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሌሊት፣ ለሱሑር እንደ ልማዷ ልትነሣ ሲጠብቋት ሳትነሣ ቀረች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ስልኩ አዋሽ ላይ ሲጠራ ሱብሒ አልደረሰም ነበር። አክስታችን እያለቀሱ ነገሩን። ጥቂት ቆይቶ አጎታችን ደወሉ። እሳቸውም አዋሽ ናቸው፤ ሰምተዋል። መኪና አዘጋጅተዋል፤ በረዶ ጭነው ሄደው እናታቸውን ሊያመጡ ነው። አክስታችን በሌላው ስልክ፣ «እናቴ በዚህ ሐሩር በመኪና አትንገላታም» አሉ። የሁለቱም ድምፅ ወደ እኛ መጣ። «ኢማሙ አንተ ነህ፤ ተናገር» አሉን።

ጉዳዩን በአጭሩ እናስረዳ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጀናዛን ማፋጠን አዘዋል። በኡሑድ ዘመቻ የወደቁ ሰሐቦችን ቤተሰቦቻቸው ወደ መዲና ሊወስዷቸው ሲሉ፣ በወደቁበት እንዲቀበሩ ማዘዛቸው ተዘግቧል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ወንድማቸው ዓብዱረሕማን ከመካ ወጣ ብሎ ሞቶ ወደ መካ ተወስዶ ሲቀበር፣ በኋላ መቃብሩን ጎብኝተው፣ እሳቸው በቦታው ቢኖሩ ኖሮ ከሞተበት ስፍራ ሌላ እንደማይቀበር ተናግረዋል። በሌላ በኩል ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በዓቂቅ ሞተው ወደ መዲና ተወስደው መቀበራቸው ተላልፏል። ስለዚህ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ቅርብ ርቀትን የፈቀዱ አሉ። በሻፊዒ መዝሀብ ግን ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) ሚዛን የሚደፋው አቋም መከልከሉ መሆኑን፣ ሟች ተናዞ ቢሆን እንኳ ኑዛዜው እንደማይፈጸም ጽፈዋል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሙቀቱን ደግሞ የአፋርን ቆላ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

«እዚያው ቅበሯት፤ እኛንም አትጠብቁ» አልን።

አጎታችን ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ቃል ገብተህላት የለም ወይ? በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሱብሒን ሰግደን ተነሣን። አጎታችን በእኛ መኪና አልመጡም፤ ጭራሽም አልሄዱም። በአዋሽ አርባ አድርገን ገዋኔን አለፍን። መንገዱ ከጅቡቲ በሚመጡና ወደ ጅቡቲ በሚሄዱ ከባድ መኪኖች ተሞልቷል። ሚሌ ስንደርስ ዙሁር ሆኖ ነበር። ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጡ አንድ አፋር ሽማግሌ ኮፊያችንን አይተው ተነሡና እጃችንን ያዙ። የእማዬን ሞት ሰምተዋል፤ ዳጉው ቀድሞናል። በሕፃንነታቸው አዋሽ ላይ ከእጇ ቴምር መብላታቸውን ነገሩን። በዚያች ሰዓት ሰመራ ላይ አፈር ይለብስባት ነበር።

ሎጊያን አልፈን ሰመራ የገባነው ለዐስር ነው። ቀጥታ ወደ መቃብሯ ሄድን። አፈሩ እርጥብ ነበር። ሶፍ ይዘን በመቃብሯ ላይ የጀናዛ ሶላት ሰገድን። ይህን ስናደርግ አንድ ሐዲስ ከልባችን አልጠፋ አለ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መስጂድ ትጠርግ የነበረች ሴት ሞተች። ሰሐቦች ነገሩን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ነቢዩ ሲያጧት ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ለምን እንዳልነገሯቸው ወቅሰው፣ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምረነዋል! መጥረጊያ የያዘች ሴት በዓይናችን ላይ የቆመችው ግን ያን ዕለት ነው።

አለቀስን። እንባ ክልክል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብም እንደሚያዝን፣ አንደበት ግን ጌታን የሚያስከፋ እንደማይናገር አስተምረዋል። የተከለከለው ደረት መምታትና ሙሾ ማውረድ ነው። ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። በጃዕፈር (ረ.ዐ) ሞት ጊዜ ነቢዩ እንዳዘዙት ጎረቤት ለሐዘንተኛው ምግብ ሠርቶ አመጣ፤ ሐዘንተኛው ለእንግዳ ድግስ ሲያበስል አልዋለም። ይህንንም በየቦታው እንድናስተውለው እንወዳለን።

ከዚያ በኋላ ረመዳን ገባ። አጎታችን በተራዊሕ ከኋላችን ቆመው ይሰግዳሉ፣ ካሰላመትን በኋላ ሳያናግሩን ይወጣሉ። ሰላምታችንን ይመልሳሉ፤ ከዚያ በላይ የለም። ያን ረመዳን አንድም ቀን አብረን አላፈጠርንም። ሰው የሚያስታርቅ ኢማም ከገዛ አጎቱ ጋር ተኳርፎ ሚምበር ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገንም።

ከዒድ በፊት አክስታችን ከሰመራ ደወሉ። የእማዬን ሣጥን ከፍተዋል። ውስጡ የነበረው ጥቂት ነው፤ ሁለት ነጠላ፣ የአባባ ሙስበሓ፣ በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ። ከታች ደግሞ አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ ክር ተጠቅልሎ ተገኘ። ክሩ ላይ ዘጠኝ ቋጠሮ አለ። ከቋጠሮዎቹ ቀጥሎ ደግሞ ሰባት ቦታ ላይ ክሩ ጠመም ጠመም ይላል፤ ተቋጥሮ የተፈታ መሆኑ ያስታውቃል።

አክስታችን ምንነቱ አልገባቸውም ነበር። እኛ ጠየቅናቸው፣ «እማዬ እናንተ ቤት ትጾም ነበር?»

«ሰኞና ሐሙስ አንዳንዴ ትጾም ነበር። ሱና መስሎን…» አሉና ዝም አሉ።

ነገሩ ተገለጠልን። ከዚያ በፊት በነበረው ረመዳን እማዬን አዋሽ ላይ ወባ ጥሏት ነበር። ሐኪሙም እኛም አስገድደን አስፈጠርናት። ዐሥራ ስድስት ቀን ነበር። ድና ስትነሣ ማንበብ የማትችለው እማዬ ዐሥራ ስድስት ቋጠሮ ቋጠረች። አንድ ቀን ቀዷ ባወጣች ቁጥር አንድ ትፈታለች። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ቤቱ ተሰነጠቀ፣ አገር ለቀቀች፤ ክሯ አብሯት ተሰደደ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የረመዳን ቀዷ ኖሮባቸው ሸዕባን እስኪመጣ የማይመቻቸው ጊዜ እንደ ነበር ተናግረዋል። እማዬም በሸዕባን እየተጣደፈች ነበር። ያቺ ሌሊት ልትነሣ የነበረውም ለዐሥረኛው፣ ማለትም ለሚቀጥለው ቋጠሮ ሳይሆን አይቀርም ብለን ቆጠርን፤ ቆጥረንም ተሳሳትን። የተፈታው ሰባት፣ የቀረው ዘጠኝ ነው። ስምንተኛዋን ቀን ልትጾም ነበር።

እዚህ ላይ ለቤተሰቦች የሚጠቅም ሕግ አለ። በሕመም ጾሙን ያፈረሰ ሰው ሳይድን፣ ቀዷ ለማውጣትም አቅም ሳያገኝ ከሞተ ዕዳ የለበትም። ድኖ ጊዜ አግኝቶ ሳይጨርስ ከሞተ ግን ዕዳው ይቀራል። ጾም እያለበት የሞተን ሰው ወልዩ፣ ማለትም የቅርብ ዘመዱ፣ እንደሚጾምለት ዓኢሻ ከነቢዩ አስተላልፈዋል። በመዝሀባችን ሁለት አቋም አለ። አንዱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙድ፣ በሁለት መዳፍ ተገጥሞ የሚታፈስ እህል፣ ለድኻ መስጠት ነው። ኢማም ነወዊ የመረጡት ሌላው አቋም ዘመድ ሊጾምለት እንደሚችል ነው። ደግሞም ሐሰን አልበስሪ ሠላሳ ሰዎች በአንድ ቀን ቢጾሙለት እንደሚበቃ መናገራቸው ተላልፏል።

ዘጠኝ ቀን፤ ዘጠኝ ሰው። ቆጠርን፤ አክስታችን፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ እኛ፣ ሁለት ወንድሞቻችን፣ እህታችን። ስምንት ሆንን።

ከዒድ ሶላት በኋላ ወደ አጎታችን ቤት ሄድን። በር ላይ ቆመን ስለ ክሩ ነገርናቸው። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ።

«ስንት ቀረ?» አሉ።

«ዘጠኝ።»

«አንዱን ለእኔ ቁጠሩልኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

በሸዋል ወር አንድ እሑድ ከአዋሽ የምንሄደው በአንድ መኪና ተነሣን። አጎታችን ከፊት ተቀምጠው እስከ ገዋኔ ቃል አልተነፈሱም። ገዋኔ ስንደርስ፣ «ያን ዕለት እዚህ በስንት ሰዓት ደረሳችሁ?» አሉን። ነገርናቸው። ከዚያ ሚሌን ጠየቁ፤ ነገርናቸው። እያንዳንዱን ቦታ ጠየቁ፤ የቀሩበትን መንገድ ከእኛ ጋር እንደገና ሄዱት። በማግስቱ ሰኞ፣ ሁላችንም ጾመን፣ ጠዋት መቃብሯ ላይ ቆምን። እሳቸው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ሰላም አሉ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ ዙሪያውን ተመለከቱ። «እዚህ እንዲህ ነፋስ መኖሩን አላውቅም ነበር። አዋሽ ቤት ሙቀት ያስለቅሳት ነበር» አሉ።

ያኔ የከረመብንን ተናገርን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። እማዬን ኢንሻአላህ ያልናት ልንፈጽመው ሳይሆን መኪናው ውስጥ እንድትገባልን ብቻ እንደ ነበር ነገርናቸው።

አጎታችን አላዩንም። «እኔም አውቄ ነበር» አሉ። «ፊትህን ሳየው አውቄያለሁ። ዝም ያልኩት እንድትገባ ስለ ፈለግሁ ነው። በአንተ የተቆጣሁት በራሴ ለመቆጣት አቅም ስላጣሁ ነው።»

ሁለታችንም ከዚያ በላይ አልተናገርንም። ከአክስታችን ልጆች አንዱ፣ በትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ትምህርት የሚወድ ነው፣ አንድ ነገር አለ፤ «አዋሽ ከተማ ሥር የሚያልፈው ወንዝ እኮ እዚህ ዱብቲ ይደርሳል። ባሕርም አይገባም፤ እዚሁ አፋር ውስጥ በአቤ ሐይቅ ነው የሚያልቀው።» ልጅ ነው፣ ሊያጽናናን ብሎ ነው። እማዬ ያደገችበትን ምድር ሳትለቅ ነው የተቀበረችው ማለቱ ነበር።

መግሪብ ሲሆን አብሹ ቀረበ፣ ቴምሩ ተቆጠረ፣ የመጀመሪያው በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ተሰጠ። ካፈጠርን በኋላ አክስታችን ክሩን አወጡ። አጎታችን የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈቱ። ክሩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። የመጨረሻውን ቋጠሮ የፈታችው ትንሿ የአክስታችን ልጅ ናት፤ ጥብቅ ስለ ነበር በጥርሷ ነው የፈታችው።

ክሩን ማስቀመጥ የፈለጉ ነበሩ። እኛ ፈራን፤ የሰው ልብ ከእቃ ጋር ይጣበቃልና፣ ነገ ለበረካ የሚነካካው ልጅ እንዳይመጣ። አክስታችን መፍትሔ አገኙለት። ለጥንቃቄ ብለው ለድኾች የሚሰጥ እህል አዘጋጅተው ነበር። የማዳበሪያውን አፍ በእማዬ ክር ጥብቅ አድርገው አሰሩት፤ ማለዳ ላይ ወጣ።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከዚህ ታሪክ ለረመዳናችሁ ጥቂት ነገር ያዙልን።

አያትና እናት አባት በሕይወት ያሉላችሁ፣ ዛሬ ማታ ከአፍጥር በኋላ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቋቸው። የማን ብድር አለባችሁ? የማን አደራ ዘንዳችሁ አለ? ስንት ቀን ጾም ይቀራችኋል? አሮጊት እናት ዕዳዋን በክር ቋጥራ ብቻዋን እንዳትሸከም። እኛ አንድም ቀን አልጠየቅናትም። ሐኪም ይዘን መጥተን አስፈጠርናት፤ በኋላ ስንት ቀን እንደ ቀረባት ግን አልጠየቅንም። ዐቅሙ የማይመለስ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ጾም አይገደድም፤ በየቀኑ አንድ ድኻ ይመገብለታል። ይህንንም በለሆሳስ አስረዷቸው፤ ብዙዎቹ ጾሙ ከእጃቸው መውጣቱን እንደ ሞት ያዩታልና።

የሚሞተው ሰው የሚጠይቃችሁን ነገር የማትፈጽሙት ከሆነ በእውነት ንገሩት። እማዬ ሕጉን ብንነግራት ምን እንደምትል አናውቅም። ምናልባት ትቆጣ ነበር። ምናልባትም አልቅሳ ትቀበል ነበር። ያንን ዕድል ግን የነፈግናት እኛ ነን። ይቅርታዋን ዛሬ ልንጠይቃት አንችልም፤ ዱዓ እናደርግላታለን እንጂ።

ለሞቱባችሁ ደግሞ፣ በሩ አልተዘጋም። ሰው ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ከሦስት ነገር በቀር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ የማይቋረጥ ሶደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው እሳቸው በሌሉበት ሞተውባቸው፣ ሶደቃ ብሰጥላት ይጠቅማታል ወይ ብለው ጠይቀው አዎ ተብለዋል፤ የአትክልት ቦታቸውንም ሰጥተውላታል። በሌሉበት እናታቸው የሞተችባቸው ሁሉ ይህን ሐዲስ ይያዙት፤ እኛም ይዘነዋል። አጎታችን ለመኪናና ለበረዶ ያዘጋጁትን ገንዘብ አልበሉትም። አዋሽ መስጂዱ በር ላይ ውኃ የሚያጠራቅም ሮቶ ተከሉበት። እማዬ ትጠርገው በነበረው ግቢ ላይ ከሩቅ መንገድ የሚመጣ ሾፌር ይጠጣበታል፣ ውዱእ ያደርግበታል። ግቢውን ደግሞ ጠዋት ጠዋት አጎታችን ይጠርጉታል። መጥረጊያውን ልንቀበላቸው ስንል አይሰጡንም።

አላህ ሆይ! ለእማዬ ማርላት፣ መቃብሯን አስፋላት፣ በብርሃን ሙላላት። ከአባባ ጋር ከአፈር በሚበልጥ ስፍራ አገናኛት። ለሁላችንም ሟቾች እዘንላቸው። በሕይወት ያሉትን ደግሞ ሳናጣቸው የምንጠይቃቸው፣ ስንናገርም የምናምናቸው አድርገን። አሚን።

ረመዳን ከሪም።